ላኪውም ተቀባዩም እኔው

ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፤ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፤ ከአለቃው ጋር ቢጣላም ግምገማ ላይ ይወጣለታል። እኔ የተጣላሁት ከራሴ ጋር ነው። ያውም በባንክ በኩል፣ በሁለት ቅርንጫፎች መካከል፣ በማመልከቻና በማኅተም። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ «ገንዘቡስ?» ይላሉ። ስለ ገንዘቡ አትቸኩሉብኝ። እኔም በመቸኮሌ ነው እዚህ የደረስኩት።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሙት ስለሚብስብኝ ነው። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። ስመረቅ አጣዬ ተመደብኩ፤ ስድስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛወርኩ። ሸዋ ሮቢት ደግ ከተማ ናት። ማንጎው አለ፣ ፓፓያው አለ፣ ሰዉም ተጫዋች ነው። ሙቀቷ ግን የመንዝ ሰው ይኖርበታል ተብሎ የታሰበ አይደለም። ግንቦት ላይ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከክንዴ የሚወርደው ላብ የጻፍኩትን ያጠፋዋል። ተማሪዎችህ ለምን ወደቁ ተብዬ በተገመገምኩ ቁጥር የማቀርበው ምክንያት ይኸው ነው፤ እስካሁን ግን የተቀበለኝ የለም።

ባለቤቴ አስካለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር በልቧ ይዛ ነበር፤ ፍሪጅ።

«ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ እዚህ ምሳ ይቆማል» አለችኝ። «ወደ ደሴ የሚሄደውም ይቆማል። ተሳፋሪው ገላ የሚታጠቡበት የሚመስል ሙቅ ውኃ እየገዛ ነው የሚጠጣው። እኛ ቀዝቃዛ ብንሸጥ ምን ይለናል?»

ምንም አይለንም። ሁለት ዓመት ከሆዳችን ቀንሰን ቆጠብን። ሐጂ ሙሄ የሚባሉ የዕቃ ነጋዴ ጥቂት ያገለገለ ፍሪጅ በስምንት ሺ አምስት መቶ ብር ሊሸጡልን ተስማሙ። «እስከ ቅዳሜ ቀትር አቆየዋለሁ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ግን ደብረ ሲና ያለ ሆቴል ይፈልገዋል። እናንተ ትቀድማላችሁ፣ ኢንሻ አላህ።» ገንዘቡ ደመወዝ በሚገባልኝ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሌላም ትንሽ ተጨምሮበት አሥራ አንድ ሺ ሁለት መቶ ብር። አስካለ የፍሪጁን ቦታ ጠርጋ፣ ለክታ፣ አልጋችንን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ጨርሳለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሒሳቤ ልምጣ። አጣዬ ሳለሁ አሥራ ስድስት ሠራተኞች ሆነን የመኖሪያ ቤት ማኅበር አቋቁመን ነበር። ማኅበሩ እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራው ስብሰባ እንጂ ቤት አልነበረም። እያንዳንዱ አባል አጣዬ ባለው የባንኩ ቅርንጫፍ በራሱ ስም ዝግ ሒሳብ ከፍቷል። ዝግ ማለት ገንዘብ ይገባል እንጂ ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ አይወጣም ማለት ነው። በዚያ ሳምንት የአንድ ዙር መዋጮ፣ ሁለት ሺ አምስት መቶ ብር፣ እስከ ዓርብ ማታ መግባት ነበረበት። ያላስገባ ይሰረዛል።

ድሮ ቢሆን ባንክ ሄጄ ከአንዱ ሒሳብ አውጥቼ ወደ ሌላው አስገባ ነበር። ባንኩ ከትምህርት ቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ነገር ግን በዚያው ወር ክራባት ያሰሩ ሁለት ወጣቶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ከእንግዲህ ባንኩ ኪሳችሁ ውስጥ ነው ብለው፣ ስልካችንን ተቀብለው፣ የሚስጥር ቁጥር ሰጥተውን ሄደዋል። ከመምህራን ሁሉ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። የአማርኛ አስተማሪው ጋሽ ተሾመ አልመዘገብም ቢሉ እንደ ኋላ ቀር ቆጥሬ አፌን ከፈትኩባቸው።

«ጋሽ ተሾመ፣ ዓለም ጥሎዎት ሄደ እኮ!»

«ይሂድ» አሉ። «አምስት ደቂቃ ለመሄድ እግሬ ምን ሆነ?»

እንግዲህ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት መምህራን በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ስልኬን አወጣሁ። ልብ በሉ፣ ባንክ ሄጄ መመለስ እችል ነበር። ግን ጋሽ ተሾመ እንዲያዩ ፈለግኩ።

«አሁን ከዚህ ቁጭ ብዬ አጣዬ ገንዘብ አስገባለሁ» አልኩ፤ እጅጌዬን ሁሉ ሰብስቤያለሁ። ኮከብ ነካሁ፣ ቁጥር ነካሁ፣ መሰላል ነካሁ። ላክ አልኩት። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። ስልኩ ትንሽ አሰበና «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» አለኝ።

ጠበቅን። ደረሰ የሚል መልእክት የለም። ጋሽ ተሾመ ሰዓታቸውን አዩ። «እኔ አሁን ደርሼ ተሰልፌ ነበር» አሉ።

ደሜ ፈላ። ኔትወርኩ ነው አልኩና ሁለተኛ ላክሁ። አሁንም በሂደት ላይ ነው። አንዱ መምህር ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል ስላለኝ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ላይ ወጣሁ፤ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ሞላና ሦስተኛ ላክሁ። ደወል ተደወለ። ስምንተኛ ክፍልን የቤት ሥራ ሥሩ ብዬ ባጃጅ ተሳፈርኩና ኔትወርክ አይጠፋበትም ወደሚባለው ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። ባጃጁ ውስጥ እየዘለልኩ አራተኛ ላክሁ። መናኸሪያው ደርሼ አምስተኛ ስሞክር ስልኩ አዲስ ነገር ተናገረ።

«በቂ ቀሪ ሒሳብ የለዎትም።»

ይህን እያነበብኩ ሳለ መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። ጥን፣ ጥን፣ ጥን፣ ጥን። ገንዘብዎ በተሳካ ሁኔታ ተላልፏል። በተሳካ ሁኔታ ተላልፏል። አራት ጊዜ ተሳክቶልኛል! አሥር ሺ ብር ቤት እስኪሠራ ድረስ ወደማይከፈተው ሒሳቤ ገብቶ፣ ለእኔ አንድ ሺ ሁለት መቶ ብር ቀርቶኛል። የፍሪጁ ገንዘብ ከእኔ ወጥቶ ወደ እኔ ሄዷል።

የባጃጁ ነጂ መልኬን አይቶ «አይዞህ መምህር፣ ሰው ሞተብህ?» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬው ባንክ ሮጥኩ።

የደንበኞች አገልግሎት መስኮት ላይ ከተቀመጠው ወጣት ዘንድ ደረስኩ። ክራባቱ ከሙቀቱ የተነሳ አንገቱ ላይ ተጠምዝዟል። ሰውየው ትሑት ነው፤ ያናደደኝም ትሕትናው ነው።

«ገንዘቤ ሄደብኝ!»

«ወዴት ሄደ ጋሼ?»

«ወደ እኔ!»

ወንበር ሰጠኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ገንዘብዎ አልጠፋም» አለኝ። «የተላከበት ሒሳብ ውስጥ በሰላም አለ። በስህተት ለተላከ ገንዘብ መመሪያ አለን። ላኪው ማመልከቻ ያስገባሉ። ቀጥሎ ተቀባዩ ይጠራሉ። ገንዘቡ የእኔ አይደለም፣ ይመለስላቸው ብለው ከፈረሙ እንመልሳለን።»

«ተቀባዩ እኮ እኔ ነኝ።»

«ይገባኛል ጋሼ። ተቀባዩ ፈቃደኛ ናቸው?»

«በጣም!»

«በጽሑፍ ነው የሚያስፈልገን።»

«ወረቀት ስጠኝ፣ አሁኑኑ እጽፋለሁ!»

«የእርስዎን እዚህ ይጽፋሉ» አለ፣ አሁንም በትሕትና። «የተቀባዩ ሒሳብ ግን የተከፈተው አጣዬ ስለሆነ እሳቸው እዚያ መቅረብ አለባቸው።»

ቅጹን ሰጠኝ። ላኪው ከተቀባዩ ጋር ያላቸው ግንኙነት የሚል ነበረበት፤ ዘመድ፣ ደንበኛ፣ ሌላ። ብዙ አሰብኩና «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ተቀባዩ ገንዘቡን ለመመለስ ፈቃደኛ ባይሆኑ በሕግ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው የሚልም ነበረበት። ፈረምኩ። በዚያች ደቂቃ ተቀባዩን እስር ቤት ባስገባው ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት ስገባ አስካለ የሐጂ ሙሄን ፍሪጅ የሚሸከሙ ሰዎች ስታነጋግር ደረስኩ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠብቄ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ለፍሪጁ የተጠረገውን ባዶ ቦታ አየች፣ እኔን አየች።

«ሁለት ዓመት» አለች። «ያንን ሁሉ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ያጠራቀምኩት ነው። አንድ ጊዜ ልከህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ጋሽ ተሾመ እያዩኝ ነበር» አልኳት። እውነቱ ይኸው ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጀውሃንና ሰንበቴን አልፌ፣ ተቀባይ ሆኜ አጣዬ ገባሁ። እስከ ቀትር ገንዘቡን አውጥቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ባንኩ ሲከፈት መጀመሪያ የተገኘሁት እኔ ነኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ገና አፌን ሳልከፍት «ሲስተም የለም» አለችኝ። ሲስተም እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲመጣ የላኪውን ማመልከቻ ከሸዋ ሮቢት ተቀብላ አነበበች።

«ላኪውን ያውቋቸዋል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንግዲህ በመመሪያችን ላኪውን ደውለን ማረጋገጥ አለብን» ብላ ቁጥሩን መታች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አየችኝ፤ አየኋት።

«ያንሱት እንጂ» አለች።

አነሳሁት። በመስኮቱ መስታወት ተለያይተን፣ ፊት ለፊት እየተያየን፣ በስልክ ተነጋገርን።

«ከባንክ ነው የምንደውለው። በትናንትናው ዕለት ገንዘብ በስህተት ልከዋል?»

«አዎን እመቤቴ፣ ልኬያለሁ።»

«ተቀባዩ እኛ ዘንድ ቀርበዋል። እንዲመለስልዎት ይፈልጋሉ?»

«እባክሽ!»

«እናመሰግናለን» ብላ ዘጋችና ወረቀቱ ላይ «ላኪው በስልክ ተጠይቀው አረጋግጠዋል» ብላ ጻፈች። ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ቆመው ሲመለከቱ ነበር። «ያ ረቢ፣ አንተ ጠብቀን» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቀጥሎ ፊርማ መጣ። ከአሥር ዓመት በፊት ሒሳቡን ስከፍት የፈረምኩበትን ካርድ አወጣች። ያን ጊዜ ላጤ ነበርኩ፤ ፊርማዬ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ጅራቱ እስከ ካርዱ ጫፍ ይሄዳል። የዛሬው ፊርማዬ ሁለት መስመር ነው። አይመሳሰልም ተባልኩ። የራሴን ፊርማ ከካርዱ ላይ እያየሁ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ተለማመድኩ። በአራተኛው ወጣልኝ፤ ፎርጅድ ሠሪ የሚሰማው ስሜት ምን እንደሆነ ገባኝ። ሴትዮዋ ማኅተሙን አንሥታ ልትመታ ስትል ኮምፒዩተሩን አየችና እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ይኼ እኮ ዝግ ሒሳብ ነው። የማኅበሩ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ሲስተም የት ነበረና!»

ቀትር ሆነ። ባንኩ ተዘጋ። የሐጂ ሙሄም ቀጠሮ አለፈ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው እሑድ ስለነበር አጣዬ አደርኩ። ሊቀ መንበራችን አቶ ገብሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ናቸው። ስብሰባ ነፍሳቸው ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካዩ አጀንዳ ያስይዛሉ። ደብዳቤውን ልጠይቃቸው ጠጋ ስል እጄን ይዘው ወደ ፊት ወንበር ወሰዱኝ።

«ጓዶች» አሉ ሰዉ ሲሰበሰብ። «ከባንክ የደረሰንን ዝርዝር አይተናል። አብዛኞቻችን የአንድ ዙር መዋጮ ለማስገባት ስንንገዳገድ እኚህ አባላችን በአንድ ቀን የአራት ዙር አስገብተዋል። ልማታዊ አስተሳሰብ ማለት ይኼ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። «በስህተት ነው» ብዬ ብነሳ «ትሕትናቸውን ተመልከቱ» አሉ። ግንባር ቀደም ቆጣቢ የሚል የምስክር ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ተዘጋጅቶ ጠብቆኛል። ጥፋቴን የማምን ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ስቀበል ደስ አለኝ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ ሁሉ።

አቶ ገብሬ ቀጠሉ። «አንድ አስተማሪ ይህን ከቻለ ሌላው የማይችልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ኮሚቴው መዋጮው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በእጥፍ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። የእኚህን ልምድ በአንድ ለአምስት አደረጃጀታችሁ ውስጥ ትወያዩበታላችሁ።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ከአጠገቤ እትዬ እልፌ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤት በጽዳት ተቀጥረው ሦስት ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። መዋጮውን የሚያስገቡት ከየት እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ምነው መምህር፣ ምን በደልንህ?»

የምስክር ወረቀቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ዝም ብል ጀግና ሆኜ እወጣለሁ፤ እትዬ እልፌ ግን ይሰረዛሉ። ብናገር ደግሞ ሒሳብ አስተማሪው አራት ድረስ መቁጠር አይችልም መባሌ ነው። ተነሣሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኒሙን፣ ጋሽ ተሾመን፣ አሸዋውን፣ ባጃጁን፣ ከመስታወቱ ማዶ ካለችው ሴት ጋር በስልክ ያደረግኩትን ንግግር፣ የፍሪጁን ባዶ ቦታ። «ቆጣቢ አይደለሁም» አልኩ። «ለመታየት የተንሰፈሰፍኩ ጅል ነኝ። በእኔ መዋጮ አትለኩ።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ እልፌ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ አንዱ እጁን አውጥቶ የእጥፉ ነገር ድምፅ ይሰጥበት አለ። አቶ ገብሬና አንድ ምክትላቸው ደገፉ፤ ሌላው ሁሉ ተቃወመ። መዋጮው ባለበት ቀረ።

አቶ ገብሬ ግን የዋዛ አይደሉም። «ግለ ሂስዎን ተቀብለናል» አሉኝ። «የምስክር ወረቀቱን ይመልሱ።» መለስኩ። «ደብዳቤውስ?» ስላቸው የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ገልጠው አሳዩኝ። የገባ ገንዘብ አይወጣም፤ ለሚቀጥሉት ሦስት ዙሮች እንደ ቅድሚያ ክፍያ ይያዝልኛል። የምትጠይቁኝ ገንዘብ እንግዲህ እዚያው ነው ያለው። ወለድም ይጨመርበታል ብለውኛል፤ በሩቁ እንደምሰማው ልጅ በደኅና እያደገ ነው።

እትዬ እልፌ እስከ መኪናው ሸኙኝና የተቀቀለ በቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «ለሚስትህ እውነቱን ንገራት፤ አትጨምር አትቀንስ» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላ መጣሁ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቤቴ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ገፍቼ ስገባ አልጋችን አጠገብ፣ በተለካው ቦታ ላይ፣ ነጭ ፍሪጅ ቆሞ ያንጎራጉራል። አስካለ ቀዝቃዛ ውኃ ለጎረቤት ታድላለች።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከሐጂ ሙሄ ነዋ!» አለች። «ትናንት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ከሳቃቸው የተነሳ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ‹ገንዘቡ አለ፣ ባለቤቱም አለ፣ ግን ባለቤቱ ራሱ ዘግቶበታል? ሱብሃን አላህ!› አሉ። ከዚያ ውሰጂው፣ በየወሩ ስጪኝ አሉኝ።»

«ምን አስፈረሙሽ?»

«ምንም። ልፈርም ብላቸው ‹የልጅ ልጄን ያዋለድሽበትን እጅ አይቻለሁ፤ ፊርማሽ ምን ይጨምርልኛል?› አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀውኛል።»

«ምን?»

«‹ገንዘቡን አንቺው በእጅሽ አምጪ፤ ባልሽ እንዳይልክልኝ።›»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልከራከር አፌን ስከፍት ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። አስካለ አንድ ሳጥን ጠርሙስ ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ቁም ነገር ሥራ» አለችኝ። «አምስት አምስት ብር ነው።»

እኔም «ቀዝቃዛ ውኃ!» እያልኩ በአውቶቡሱ መስኮት ሥር ሮጥኩ። ሁለት ተማሪዎቼ አይተውኝ ሰላም አሉኝ፤ ሰላም አልኳቸው። ሳጥኑ ሊያልቅ አንድ ጠርሙስ ሲቀር አዲስ ስልክ የያዘ ጎረምሳ በመስኮት እጁን ዘረጋ። ጠርሙሱን ከፍቶ አንዴ ከጎነጨ በኋላ ኪሱን ደባበሰ።

«ወይኔ፣ ዝርዝር የለኝም። የሒሳብ ቁጥርህን ንገረኝና በስልኬ ልላክልህ?»

ስልኩን አየሁት። አንድ ጣቱን አዘጋጅቷል።

«ተወው ወንድሜ» አልኩት። «በነጻ ጠጣ።»